ሰማንያ አሐዱ እያልን ስልሳ ስድስት ለምን እናነባለን?

ግልጽ ደብዳቤ

በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ የአብያተ ክርስቲያናት አስተዳዳሪዎች፣ የአብነት መምህራን፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች እና የመንፈሳዊ መጻሕፍት ነጋዴዎች

ጉዳዩ፦ ያሉንን መጻሕፍት እንድታስነብቡን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንደምን ከረማችሁ?

ደሴ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከክፍል ስወጣ ተከትለውኝ የሚጠይቁኝ ግን ብዙ ጊዜ ስለ ዓድዋ አይደለም። «መምህር፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተደበቁት መጻሕፍት ለምን አይመለሱም?» ይሉኛል። ቲክቶክ ላይ ያገኙትን ያሳዩኛል። የሚያስፈራ ሙዚቃ አለ። ክንፍ ያለው ግዙፍ ፍጡር አለ። ከሥሩ «ለዘመናት የተደበቀው መጽሐፈ ሄኖክ» ተብሎ ተጽፏል።

ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ የተዋሕዶ ልጆች ናቸው። ማዕተባቸው አንገታቸው ላይ ነው። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አገኛቸዋለሁ። ያ «የተደበቀ» የተባለው መጽሐፍ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ከሰማንያ አንዱ (ሰማንያ አሐዱ) የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ጋር እንደሚቆጠር የነገራቸው ግን የለም።

ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የቀሩ ጥንታዊ መጻሕፍት ይግቡ አይግቡ የሚለው ክርክር ዓለምን እያነጋገረ ነው፤ ይነጋገርበት። እኛ ዘንድ ግን የገቡት መጻሕፍት ራሳቸው ሳይነበቡ ቀርተዋል። መጀመሪያ እነሱን ክፈቱልን። ሌላውን ጥያቄ ልጆቻችን ያኔ በአግባቡ ሊጠይቁት ይችላሉ።

ከሄኖክ ልጀምር። መጽሐፉ 108 ምዕራፍ አለው። ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። በግሪክ የተገኘው ከፊሉ ነው፤ በአረማይክ የተገኘው ደግሞ ቁርጥራጭ ነው። አውሮፓ መጽሐፉ ጠፍቷል ብላ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖራለች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ከኢትዮጵያ ሲመለስ የግእዝ ቅጂዎችን ይዞ ሄደ። ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳተመው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ሊቃውንት መጽሐፉ በክርስትና ዘመን የተጻፈ ይሆናል ብለው ጠረጠሩ። ጥርጣሬውን የሰበረው ከሙት ባሕር አጠገብ ያለው የቁምራን ዋሻ ነው። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ አካባቢ ዋሻዎች ከተገኙት ብራናዎች መካከል የሄኖክ የአረማይክ ቁርጥራጮች ነበሩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተገለበጡም አሉባቸው። ከሰማንያ አንዱ የሆነው የመጽሐፈ ኩፋሌም የዕብራይስጥ ቅጂዎች እዚያው ተገኙ፤ ከአሥር በላይ ናቸው። አባቶቻችን በግእዝ ሲገለብጡት የኖሩት መጽሐፍ ከዋሻ በወጣ ብራና ተመሰከረለት ማለት ነው።

ይሄን ታሪክ የማያውቅ የደሴ ልጅ ሄኖክን ከዩቲዩብ ቢማር ምኑ ይገርማል?

ታዲያ ስልሳ ስድስት መጻሕፍት ብቻ ያሉት መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት ቤታችን ገባ? መልሱ ሴራ የለበትም። የማተሚያ ቤት ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ተረጎመ። ያስተረጎመው የፈረንሳይ ቆንስል ነበር። የእጅ ጽሑፉን የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ያ ማኅበር ደግሞ በዚያው ዘመን ውስጡ ሲከራከር ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1826 ከዕብራውያን መጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ያሉ የብሉይ መጻሕፍትን ለማሳተም ገንዘብ አላወጣም ብሎ ወሰነ። ሙሉው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1840 ሲታተም በዚያው ልክ ታተመ። ጦቢት የለም፤ ዮዲት የለችም፤ ሲራክ የለም። ሄኖክና ኩፋሌማ ከነጭራሹ አይታሰቡም። ከዚያ ወዲህ ብዙ እትም ወጥቷል፤ ሰማንያ አሐዱም በአማርኛ ታትሟል። ርካሹ፣ ቀላሉ፣ ኪስ የሚገባው፣ ስልክ ላይ በነፃ የሚወርደው ግን በአብዛኛው ስልሳ ስድስቱ ነው። ሰው እጁ ላይ ያለውን ያነባል።

እዚህ ላይ ለወንጌላውያን ወገኖቼ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እናንተ ስልሳ ስድስቱን የያዛችሁበት የራሳችሁ ምክንያት አለ። የአይሁድ ሊቃውንት የተቀበሏቸውን የብሉይ መጻሕፍት ነው የያዛችሁት፤ የቆየ አቋም ነው። ጥል የለኝም። ብቻ የይሁዳ መልእክት እናንተም ጋ አለች። ቁጥር 14 ላይ «ከአዳም ጀምሮ ሰባተኛ» ብላ ሄኖክን ትጠራዋለች፤ የምትጠቅሰው ቃል በመጽሐፈ ሄኖክ አንደኛ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። መጽሐፉን ቅዱስ ነው ባትሉትም ለዚህ ስትሉ አንብቡት።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሂድ። ከተማሪዎቼ ጥቂቶቹ ከሄኖክ አልፈው ሄደዋል። «የቶማስ ወንጌልስ? የይሁዳ ወንጌልስ? የማርያም ወንጌልስ? ኒቅያ ላይ ነው ቆርጠው የጣሏቸው» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ አባቶች በግልጽ እንድታርሙት እፈልጋለሁ። ሠለስቱ ምዕት የሚባሉት አባቶች እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት በዋናነት ወልድ ፍጡር ነው ስላለው ስለ አርዮስ ክሕደት ነው። ጉባኤው ያወጣቸው 20 ቀኖናዎች አሉ። አንዳቸውም የመጽሐፍ ቅዱስን ዝርዝር አያነሱም። ድምፅ ተሰጥቶ የተጣለ ወንጌል የለም።

የቶማስ ወንጌል የሚባለው 114 አባባሎች የያዘ ጽሑፍ ነው። ሙሉው በቅብጥ ቋንቋ ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ1945 ግብፅ ናግ ሐማዲ አጠገብ ተገኘ። ልደት የለበትም፣ ስቅለት የለበትም፣ ትንሣኤ የለበትም። የይሁዳ ወንጌል የተባለውን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ዘመን ጠቅሶ ነቅፎታል። ተደብቆ ሳይሆን ተነቅፎ ነው የቀረው። ለታሪክ ተማሪ ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ እኔም አነባቸዋለሁ። ቅዳሴ ላይ ይነበቡ ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። መጽሐፍ ጥንታዊ ስለሆነ ብቻ ቅዱስ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይበት፣ ስትተረጉመው፣ ስትገለብጠው የኖረችው መጽሐፍና አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ መጽሐፍ እኩል አይደሉም። ይጨመሩ ለሚለኝ መልሴ አይጨመሩ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ የሚገርመኝ አንድ ሰው አለ። ቅዱስ አትናቴዎስ ነው። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማ ፍሬምናጦስን የሾመልን እሱ ነው። በ367 እ.ኤ.አ. በጻፈው የፋሲካ መልእክት የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዛሬ እንደምናውቃቸው ዘረዘረ። በዚያው መልእክት በሄኖክ ስም የተጻፉ መጻሕፍትን አልተቀበለም! ልጁ የሆነችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ሄኖክን ጠበቀች። ልዩነቱን ደብቀን ማለፍ የለብንም። ልጆቹ አንድ ቀን ያገኙታል። ያኔ «ለምን አልነገራችሁንም?» ይላሉ።

መልእክቱ ግን ሌላም ነገር አለው። አትናቴዎስ መጻሕፍትን በሁለት ብቻ አልከፈለም። መካከለኛ ቦታ ሠራ። ጥበበ ሰሎሞንን፣ ሲራክን፣ አስቴርን፣ ዮዲትን፣ ጦቢትን፣ የሐዋርያትን ትምህርትና የሄርማን «እረኛ» ለይቶ አስቀመጠ። ከቀኖናው ቁጥር ውስጥ ባያስገባቸውም፣ አዲስ ለሚመጡ አማኞች ይነበቡ ብሎ አባቶች እንደደነገጉ ጻፈ። ከዚህ ዝርዝር አስቴርን ተመልከቱ። ዛሬ ስልሳ ስድስት በሚለውም ሰማንያ አንድ በሚለውም ዘንድ ያለች መጽሐፍ ናት።

እኛም ይህ ቦታ አለን። አሥራው (ዋናዎቹ መጻሕፍት) እና ዐዋልድ (ከነሱ የተወለዱት) ብለን እንለያለን። ተአምረ ማርያም ከሰማንያ አንዱ አይደለም፤ ግን ቆመን እንሰማዋለን። ስንክሳር በየዕለቱ ይነበባል። ገድለ ሐዋርያትም አለ። ሙሉው በግእዝ ብቻ የተረፈ ዕርገተ ኢሳይያስ የሚባል ጥንታዊ መጽሐፍም አለን፤ ከሰማንያ አንዱ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ግን የገለበጡት አባቶች አልጣሉትም። «ወይ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይግባ ወይ ይቃጠል» የሚል ጠባይ የኛ አልነበረም። ከየት እንዳመጣነው አላውቅም፤ ይቅርብን።

የኛ ቁጥር ራሱ አንድ ወጥ እንዳልሆነም ንገሯቸው። 46 ብሉይና 35 ሐዲስ ተብሎ ሲቆጠር ሲኖዶስ፣ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ የሚባሉት የሥርዓት መጻሕፍት ሐዲሱ ውስጥ ይገባሉ። በሌላ አቆጣጠር ሐዲሱ 27 ሆኖ ብሉዩ 54 ይሆናል። ሰማንያ አንድ የሚለው ቁጥር ጸንቶ የቆየው አቆጣጠሩ እየተለያየ ነው። እነዚህን የሥርዓት መጻሕፍት ሰማንያ አሐዱ ብለን በምንገዛው ጥራዝ ውስጥ አናገኛቸውም። ይህን የሚያብራራ መምህር ከሌለ ልጁ ግራ ይገባዋል፤ ግራ የገባው ልጅ ደግሞ ስልኩን ይከፍታል።

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን ታውቁታላችሁ። ግሸን ደብረ ከርቤ ስትነሣ ስሙ አብሮ ይነሣል። እሱም በ15ኛው መቶ ዘመን ስለ ሄኖክና ስለ ኩፋሌ ተከራክሯል። የሚጠራጠሩ ስለነበሩ ነው የተከራከረው። በመጻሕፍቱ ሄኖክን እየጠቀሰ መለሰላቸው። ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በኛው አገር፣ በኛው ሊቃውንት መካከል ተነሥቶ ያውቃል።

ስለ ቁጥርና ስለ ዝርዝር ብዙ አወራሁ። ውስጡ ያለው ነው ግን ያስቆጨኝ።

መጽሐፈ ኩፋሌ ምዕራፍ 11ን ክፈቱ። አብራም ልጅ ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመቱ ገደማ። ዘር ሲዘራ ቁራዎች መጥተው ይለቅማሉ። ልጁ እየሮጠ ያባርራቸዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው የሚያስደንቀኝ። ዕቃ ሠሪዎችን ያስተምርና ማረሻው ላይ የዘር መያዣ ያሠራል። ዘሩ በዚያ ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባል፤ ቁራ አያየውም። የእምነት አባት የተባለው ሰው ለገበሬ የሚጠቅም መሣሪያ ሲፈጥር! ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉ የመጣ ልጅ ይህን ቢሰማ መጽሐፍ ቅዱስ ስለሱ እርሻ እንደሚያወራ ያውቃል።

ምዕራፍ 12 ላይ ደግሞ አብራም አባቱን «ይህ ጣዖት ምን ይጠቅምሃል?» ብሎ ይሞግታል። በሌሊትም የጣዖቱን ቤት ያቃጥላል። ዘፍጥረት ላይ ይህ የለም። የሙስሊም ተማሪዎቼ ግን ኢብራሂም ከአባቱ ጋር ስለ ጣዖት መከራከሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ቁርኣን ላይ አለ። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ ይህ ተነሥቶ ክርስቲያኖቹ «እኛ ጋ የለም» አሉ። አለ እኮ! ሰማንያ አሐዱ ውስጥ አለ። በወሎ ጎረቤቱ የሚያውቀውን የአብርሃምን ታሪክ ከራሱ መጽሐፍ የማያውቅ ልጅ እያሳደግን ነው። ሄኖክም እንዲሁ ነው። ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ነቢዩ ኢድሪስ እሱ ነው ይላሉ። ኩፋሌ ሄኖክን ከሰዎች መጀመሪያ ጽሕፈት የተማረ ይለዋል። ሸዋ በር ላይ ቡና እየጠጡ ሁለት ጎረቤቶች ስለዚህ ቢያወሩ እንዴት ያለ ጨዋታ ይወጣዋል!

ከሄኖክ ደግሞ ቪዲዮዎቹ የሚያወሩት መላእክት ከሴቶች ስለወለዷቸው ግዙፎች ብቻ ነው። ከምዕራፍ 94 ጀምሮ ያለውን ማንም አያነሣውም። ቤታቸውን በኃጢአት ለሚሠሩ ወዮ ይላል። በሀብታቸው ለሚታመኑ ወዮ ይላል። ምርጡን ስንዴ እየበሉ ደካማውን በጉልበታቸው ለሚረግጡ ወዮ ይላል። ይህ ስብከት ለዘንድሮ ኑሮ የተጻፈ ይመስላል። ምዕራፍ 42 ላይ ጥበብ በሰው ልጆች መካከል ማደሪያ ፈልጋ አጣች፣ ወደ ስፍራዋም ተመለሰች ይላል። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው።

ከባድ ጥያቄም ይመጣል፤ እሱን አልሸሽም። የዘመኑ ተመራማሪዎች የመጽሐፈ ሄኖክን ጥንታዊ ክፍሎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ተጻፉ ይላሉ፤ ከጥፋት ውሃ በፊት የነበረው ሄኖክ አልጻፈውም ማለታቸው ነው። የሄኖክ ዓመት 364 ቀን ነው፤ የኛ ደግሞ 365። ልጆቹ ይህን ሁሉ ይጠይቃሉ። ይጠይቁ። አንድምታ (የመጻሕፍት ትርጓሜ) ያወቁ መምህር ፊት ተቀምጠው ቢጠይቁ ይሻላል። ከሰማንያ አንዱ በሆነው በዕዝራ ሱቱኤል መጨረሻ ላይ ዕዝራ ካስጻፋቸው መጻሕፍት 24ቱን ለሁሉም ግለጥ፣ 70ውን ለጠቢባን አቆይ ተብሎ ታዟል። አንዳንድ አባቶች ይህን ጠቅሰው «ለምእመን አይሆንም፣ ከባድ ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። አከብራለሁ። ግን ሄኖክ ዛሬ በየስልኩ በተቆራረጠ መልክ ተበትኗል። ማቆየት ቀርቷል፤ የቀረው ማስተማር ብቻ ነው።

ለዚህ ደግሞ ከኛ የተሻለ ቦታ ያለው ማን ነው? ሐይቅ እስጢፋኖስ ከኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቋቋሙት የትምህርት ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። የአባ ኢየሱስ ሞዓ የብራና ወንጌልም በዚያ ተጠብቆ ኖሯል። ቦሩ ሜዳ ከከተማችን ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። በ1870 ዓ.ም. ሊቃውንት ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ሃይማኖት ተከራከሩ። ጉባኤው በወሎ ሙስሊም ላይ ያስከተለውን ክርስትና የመቀበል ግዳጅ እኔ አልረሳሁም፤ ማንም እንዲደግመው አልፈልግም። ከዚያ የምፈልገው ክርክሩን ነው። መጽሐፍ ገልጦ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ፣ ሕዝብ እየሰማ።

ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች፣ በዓመቱ መርሐ ግብር ውስጥ ኩፋሌንና ሄኖክን አስገቡ። በየሳምንቱ አንድ ሁለት ምዕራፍ ይበቃል። የብሉይ መምህር ጋብዙ። አጥቢያው አንድም ሰማንያ አሐዱ ከሌለው አዋጥተን እንግዛ። ከተቻለም ሁለቱ መጻሕፍት ለየብቻ፣ በትንሽ ጥራዝ፣ ተማሪ በሚችለው ዋጋ እንዲታተሙ አባቶች ለሚመለከተው አካል ጠይቁልን።

መጻሕፍት ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ሰው «መጽሐፍ ቅዱስ ስጡኝ» ሲል «ስልሳ ስድስቱን ነው ሰማንያ አሐዱን?» በሉት። ብዙ ገዢ ልዩነቱን የሚሰማው ያን ቀን ይሆናል። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ከየአገሩ ከሚመጣው ምእመን ብዙው ደሴን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ቢያንስ በዚያ ሰሞን ሰማንያ አሐዱ ፊት ለፊት ይደርደር።

የቶማስ ወንጌልንና መሰሎቹን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲነበቡ አልጠይቅም። ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሽ ስለ ምንነታቸው፣ ስለ ዘመናቸውና ለምን እንዳልተቀበልናቸው የሚያስረዳ ጉባኤ ይዘጋጅ። የታሪኩን በኩል እኔ አቀርባለሁ። የሃይማኖቱን በኩል መምህራን ያቅርቡ። ወንጌላውያንም ሙስሊሞችም መጥተው ይስሙ፣ ይጠይቁ።

የግሸን እንግዶች ከተመለሱ በኋላ ጥቅምት ላይ ብንጀምር ጥሩ ነው፤ ተማሪውም ወደ ትምህርት ተመልሶ ይረጋጋል። የመጀመሪያው ንባብ ኩፋሌ ምዕራፍ 11 ቢሆን ደስ ይለኛል። ወንበር መደርደሩንና የንባቡን ወረቀት ማባዛቱን ለኔና ለተማሪዎቼ ተዉልን። ፈቃዳችሁን እጠብቃለሁ።

ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ።

አንድ የታሪክ መምህር
ደሴ